ቤተ ጊዮርጊስን «ኦፉል» ነው አልኳቸው

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ላሊበላ ተወልጄ ያደግኩ ልጅ ነኝ። በአስጎብኚነት ሥራ ገና ጀማሪ ነኝ። እንግሊዝኛዬ የትምህርት ቤትና የፊልም ነው። ቢሆንም ፈረንጅ ስለሚገባው ራሴን ከጎበዞቹ እቆጥር ነበር።

ባለፈው አንዲት በዕድሜ የገፉ እንግሊዛዊት ደረሱኝ። ቤተ ጊዮርጊስ አፋፉ ላይ ስንደርስ ከበድ ያለ ቃል ልጠቀም ብዬ «ኢት ኢዝ ኦፉል» አልኳቸው። በዘፈቀደ አልነበረም፤ ሒሳቡን ሠርቼው ነው። «ቢዩቲ» ላይ «ፉል» ሲጨመር ቢዩቲፉል ይሆናል። «ወንደር» ላይ ሲጨመር ወንደርፉል። «ኦ» ደግሞ መዝገበ ቃላት ላይ ታላቅ መደነቅ ነው ይላል። ታዲያ «ኦፉል» በመደነቅ የተሞላ አይደለም? ሴትየዋ አንዴ እኔን፣ አንዴ ቤተ ክርስቲያኑን አዩና «አይ ሆፕ ኖት» (እንዳልሆነ ተስፋ አደርጋለሁ) ብለው ፈገግ አሉ። አብሮኝ የነበረው ነባር አስጎብኚ በሳቅ ፈረሰ። ለካ ቃሉ «አስቀያሚ፣ የማይረባ» ማለት ኖሯል። ማታውኑ ወሬው ተዳረሰ። አሁን ሁሉም «ኦፉል» እያሉ ሙድ ይይዙብኛል።

የባሰ ግራ ያጋባኝ ግን መጨረሻው ነው። ስንለያይ ሻርፓቸው ወድቆ አንስቼ ሰጠኋቸው። «ዛት ኢዝ ኦፉሊ ካይንድ ኦፍ ዩ» አሉኝ። «ካይንድ» ደግ ማለት ነው። «ኦፉሊ»ስ? አመሰገኑኝ ወይስ የእኔኑ ስህተት መልሰው ወረወሩልኝ? ኢሜይላቸውን ሰጥተውኛል። ይቅርታ ልጻፍላቸው ወይስ ልተወው? ደግሞስ «ሰም» ማለት ጥቂት አይደለም? ጥቂት «ኦ» ያለበት «ኦሰም» ጥሩ፣ ሙሉ «ኦ» ያለበት «ኦፉል» መጥፎ የሚሆነው በየትኛው ሕግ ነው? ከዚያ ቀን ወዲህ እንግዳ ፊት አፌ ይያዛል።

ግራ የገባው፣ ከላሊበላ

መልስ

ወንድሜ፣

ከሚያንገበግብህ ልጀምር። አልሰደቡህም። «ኦፉሊ ካይንድ» ምስጋና ነው፤ ያውም ሞቅ ያለ ምስጋና። በእንግሊዞች ዘንድ፣ በተለይ በዕድሜ በገፉት፣ «ኦፉሊ» ማለት «እጅግ» ማለት ነው፣ በቃ። ክፋት የለበትም። እኛስ «ክፉኛ ወደዳት» እንል የለ? በዚያ አረፍተ ነገር ውስጥ ክፉ የሠራ ሰው የለም። የወደደ ሰው ብቻ ነው ያለው። ሴትየዋ ያሉህ «እጅግ ደግ ነህ» ነው። ምናልባት ቃሏን ሲመርጡ ጨዋታህ ትዝ ብሏቸው ይሆናል። ቢሆንም የወዳጅ ቀልድ ነው። የተቀየመ ሰው ኢሜይሉን አይሰጥህም።

ሁለተኛው ነገር፣ ሒሳብህ ትክክል ነው። ጓደኞችህ የሳቁበት ስሌት አንድም ቦታ አልተሳሳተም። «ፉል» የሚለው ቅጥያ ሙሉ ማለት ነው። «ኦ» መደነቅ ነው። «ኦፉል»ም ለብዙ መቶ ዓመታት አንተ ባልከው መንገድ ሲነገር ኖሯል። ያንተ ችግር ሁለት መቶ ዓመት ገደማ መዘግየትህ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ለንደን ውስጥ የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል አለ። የድሮው በ1666 ታላቅ ቃጠሎ ከወደመ በኋላ ክሪስቶፈር ሬን የሚባል ሰው ነድፎ ያሠራው ነው። ግንባታው በ1675 ተጀመረ። ስለዚህ ካቴድራል እንግሊዞች የሚያወሩት አንድ ጨዋታ አለ። ንጉሡ ሊያዩት መጡና «አሚዩዚንግ፣ ኦፉል፣ አርቲፊሻል» አሉት ይባላል። በዛሬ እንግሊዝኛ «አስቂኝ፣ አስቀያሚ፣ የውሸት» እንደ ማለት ነው። ሬን ግን ደስ አለው ይላሉ። ምክንያቱም በዚያ ዘመን «አሚዩዚንግ» ዓይን ይዞ የሚያስቀር፣ «ኦፉል» በፍርሃትና በአክብሮት የሚያስቆም፣ «አርቲፊሻል» ደግሞ በታላቅ ጥበብ የተሠራ ማለት ነበር። ንጉሡ ማን እንደነበሩ አውሪዎቹ አይስማሙም። አንዱ ቻርልስ ዳግማዊ ይላል፣ አንዱ ጄምስ ዳግማዊ፣ ሌላው ጭራሽ ንግሥት አን ናት ይላል። ስለዚህ ለእንግዳ እንደ ታሪክ እንዳታወራው። ጨዋታ ነው። የቃላቱ የድሮ ፍቺ ግን እውነት ነው።

አሁን ወደ ቃሏ እንምጣ። በእንግሊዝኛ በሦስት ፊደል ትጻፋለች፤ ኤ፣ ደብሊው፣ ኢ። ስትነበብ «ኦ» ብቻ ናት። መዝገበ ቃላትህ «ታላቅ መደነቅ» ማለቱ አልዋሸም፤ ግን ታሪኳን ከመሃል ነው የጀመረልህ። ቃሏ ስትወለድ መደነቅ አልነበረችም። ፍርሃት ነበረች። ንጹሕ ፍርሃት፣ ጉልበት የሚያብረከርክ።

የጥንት እንግሊዞች ለፍርሃት «ኤዬ» የሚባል የራሳቸው ቃል ነበራቸው። ከዚያ ቫይኪንጎች መጡ። በ793 ሊንዲስፋርን የተባለውን የደሴት ገዳም ዘረፉ። ከዚያ በኋላ በነበረው መቶ ዓመት ደግሞ ከዘረፋ አልፈው በሰሜንና በምሥራቅ እንግሊዝ መሬት ይዘው፣ አርሰው፣ ተጋብተው ተቀመጡ። ቋንቋቸው ከእንግሊዞቹ ጋር ዘመድ ነበር። ለፍርሃት የነሱ ቃል «አጊ» ነው፣ የ«ኤዬ» የአጎት ልጅ። ሁለቱ ቃላት ጎን ለጎን ጥቂት ኖሩና የስደተኛው አሸነፈ። «አጊ» በእንግሊዝ አፍ ሲንከባለል፣ ሲለሰልስ፣ መጨረሻ ላይ «ኦ» ሆና ቀረች። የአገሬው «ኤዬ» ሞተ።

ፍርሃት የሚለው ቃል ከዘራፊ መጣ ብሎ መቀለድ ያምራል። ግን እውነቱ እንደዚያ አይመስለኝም። ከዚያው ቋንቋ ወደ እንግሊዝኛ የገቡትን ሌሎች ቃላት ተመልከት። እንቁላል፣ ቢላዋ፣ መስኮት፣ ሰማይ፤ የነዚህ ሁሉ የእንግሊዝኛ ስሞች ከቫይኪንጎች የመጡ ናቸው። እንቁላል የሚለውን ቃል የምትማረው ከወራሪ ሳይሆን ከጎረቤት ነው።

ፍርሃት እንዴት መደነቅ ሆነ? በቤተ ክርስቲያን በር ነው የገባው። እንግሊዞች መጽሐፍ ቅዱስን በቋንቋቸው ሲያነቡና ሲተረጉሙ «እግዚአብሔርን መፍራት» የሚለውን ነገር በየገጹ ያገኙታል። ይህ ፍርሃት የጅብ ፍርሃት አይደለም። ከጅብ ትሸሻለህ። ከእግዚአብሔር ፊት ግን ትፈራለህ፣ ደግሞ መሄድ አትፈልግም። እንግሊዝኛ ይህን ድብልቅ ስሜት «ኦ» ላይ ጫነው። ቃሏ ቀስ በቀስ ፍርሃቷን ሳትጥል አክብሮት ተደረበላት። ኋላ ደግሞ ከእግዚአብሔር ወጥታ ለተራራ፣ ለባሕር ማዕበል፣ ለመብረቅ፣ ለታላላቅ ሕንጻዎች ትነገር ጀመር።

አንድ የሚያስቅ ነገር ልንገርህ። በ1611 በንጉሥ ጄምስ ዘመን የታተመው የእንግሊዞች መጽሐፍ ቅዱስ መዝሙር 4 ላይ «በኦ ቁሙ፣ ኃጢአትም አትሥሩ» ይላል። የእኛን አውጥተህ እየው። እዚያው ቦታ ላይ «ተቆጡ» ነው የሚለው። ሐዋርያው ጳውሎስም ለኤፌሶን ሰዎች ሲጽፍ ይህንኑ ነው የጠቀሰው፤ «ተቆጡ ኃጢአትንም አታድርጉ»። አንዱ ፍሩ፣ አንዱ ተቆጡ! ማን ተሳሳተ? ማንም። የዕብራይስጡ ቃል «ተንቀጥቀጡ» ነው። ሰው ከፍርሃት ይንቀጠቀጣል፤ ከንዴትም ይንቀጠቀጣል። የግሪኩ ተርጓሚ ንዴቱን መረጠ። የእኛ መዝሙር ወደ ግዕዝ የተመለሰው ከግሪኩ ስለሆነ ንዴቱን ወረስን። እንግሊዞቹ ከዕብራይስጡ ሲተረጉሙ ፍርሃቱን ወሰዱ። ያው አንድ መንቀጥቀጥ ነው።

ላንተ ግን ከዚህም የሚበልጥ ጥቅስ አለ። ያዕቆብ መንገድ ላይ ድንጋይ ተንተርሶ ተኛ። መሰላሉን በሕልሙ አየ። ነቃና ፈራ። ዘፍጥረት 28፣ ቁጥር 17፤ «ይህ ስፍራ እንዴት ያስፈራ፤ ይህ የእግዚአብሔር ቤት ነው እንጂ ሌላ አይደለም፥ ይህም የሰማይ ደጅ ነው።» በ1611ዱ እንግሊዝኛ ያዕቆብ ያለው «ድሬድፉል» ነው። ዛሬ ይህን ቃል ለሆቴል ክፍል ብትጠቀመው ገንዘቤን መልሱልኝ ማለትህ ነው። ስለዚህ የኋለኞቹ ተርጓሚዎች ቀየሩት። አሁን በብዙዎቹ ዘመናዊ የእንግሊዝኛ ትርጉሞች ያዕቆብ የሚለው «ኦሰም» ነው። ሰውየው ያው ነው፣ ድንጋዩም ያው ነው። አንተ በቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ ቆመህ ያልከው ያዕቆብ ያለውን ነው። የእግዚአብሔር ቤት አይተህ «እንዴት ያስፈራ» አልክ። የድሮ እንግሊዝኛ ተናገርክ እንጂ ስሕተት አልተናገርክም።

ይኸውልህ ደግሞ ጓደኞችህን የምትመልስበት። እኛም ቤት ይኸው ነገር ተፈጽሟል፤ ልብ ስላላልነው ነው። «ግሩም» የሚለውን ቃል ውሰድ። ዛሬ ግሩም ምሳ፣ ግሩም ጨዋታ፣ ግሩም ጎል እንላለን። ግዕዙን ጠይቅ፤ «ግሩም» ማለት የሚያስፈራ፣ የሚያስደነግጥ ማለት ነው። የሚደንቅ የሚለው ፍቺ ከዚያው አብሮ ይሄዳል፤ ፍርሃቱ ግን ከሥሩ አለ። ዳዊት ከደገምክ አታጣውም፤ «ኢትፈርህ እምግርማ ሌሊት» ይላል በመዝሙር 90። ግርማ ሌሊት የሌሊት ውበት አይደለም። የሌሊት ማስፈራት ነው። ነገሥታቱን «ግርማዊ» የምንላቸውም ፊታቸው ሲቀርቡ ጉልበት ስለሚከዳ ነው። «ገረመኝ»፣ «ይገርማል»፣ «የሚገርምህ ነገር» እያልን ቀኑን ሙሉ የምንወረውራቸው ቃላት በሙሉ የዚያ የፍርሃት ልጆች ናቸው። ታክሲ ውስጥ «የዋጋው ነገር ይገርማል!» የሚል ሰው ምን ያህል የከበደ ቃል እንደተሸከመ አያውቅም።

የእኛና የእንግሊዞቹ ልዩነት አንድ ነው። አማርኛ «ግሩም»ን እንዳለ ወደ ጥሩው ወገን አሻገረው። ሰው ልጁን ግሩም ብሎ ስም ያወጣል፣ ግርማ ብሎ ያወጣል፤ ማንም «አስፈሪ» ማለቱ ነው ብሎ አይጠረጥርም። እንግሊዝኛ ግን ቃሏን ለሁለት ከፈላት። ስለዚህ «ኦፉል» እያሉ ሙድ ሲይዙብህ «ግዕዙን ታውቁታላችሁ? ግሩም ነው» በላቸው። ቅጽል ስምህ ከነሱ ስም ሊበልጥ ይችላል።

ክፍፍሉ እንዴት እንደሆነ ልንገርህ፣ ምክንያቱም የ«ሰም» ጥያቄህ እዚህ ነው ያለው።

«ኦፉል» የድሮ ቃል ነው። ከ1300 አካባቢ ጀምሮ «የሚያስፈራ፣ የሚያስከብር» ማለት ነበር። የሚያስፈራ ነገር ብዙ ጊዜ ደስ አይልም። በሽታም ያስፈራል፣ አደጋም ያስፈራል። ሰዎች ቃሉን ለእንደዚህ ዓይነቱ ነገር ሲያበዙት አክብሮቱ ተንጠፍጥፎ አለቀና መጥፎነቱ ቀረ። በ1800ዎቹ መጀመሪያ ላይ «ኦፉል» እንዲያው «በጣም መጥፎ» ሆኗል። በዚያው ሰሞን «ኦፉሊ» ደግሞ ጭራሽ ሥራ ቀይሮ «እጅግ» ሆነ። የአንተ ሴትዮ የተጠቀሙት ይህንን ነው።

«ኦሰም» ታናሽ ነው። በ1500ዎቹ መጨረሻ ላይ ነው ብቅ ያለው። መጀመሪያ «በፍርሃትና በአክብሮት የተሞላ ሰው» ማለት ነበር፤ ኋላ «ፍርሃትና አክብሮት የሚያሳድር ነገር» ሆነ። «ኦፉል» ሲበላሽ የከበደውን ሥራ የሚሠራ ሌላ ቃል አስፈለገ፤ «ኦሰም» ገባበት። ለረጅም ጊዜ ጨዋ ሆኖ ኖረ። ከ1960ዎቹ ወዲህ ግን አሜሪካኖች «አሪፍ» ለማለት ይጠቀሙበት ጀመር። በ1980ዎቹ በወጣቱ አፍ ተስፋፋ። ዛሬ ፒዛ ኦሰም ነው፣ ጫማ ኦሰም ነው፣ «ሰኞ እንገናኝ» ሲባሉም መልሱ «ኦሰም» ነው። አዲስ አበባም ገብቷል፤ አንተም ሳትሰማው አትቀርም።

«ሰም» ያልከው ግን ሌላ ሰው ነው። ጥቂት ማለት የሆነው «ሰም» ራሱን የቻለ ቃል ነው። ቅጥያው «ሰም» ግን ጥቂት ማለት አይደለም። ዘመዱ «አንድ ዓይነት» የሚለው «ሴም» ነው። ሥራው ያንን ነገር የሚያደርግ፣ ያ ጠባይ ያለው ማለት ነው። «ታየርሰም» የሚያደክም ነው እንጂ ጥቂት ድካም አይደለም። «ሃንድሰም»ን እንኳ ብታይ፣ «ሃንድ» እጅ ነው። መጀመሪያ ለእጅ የሚመች፣ ለመያዝ የሚቀል ማለት ነበር። መልከ መልካምነት የመጣው ብዙ ቆይቶ ነው። ስለዚህ በ«ኦሰም» ውስጥ ያለው መደነቅ በጥቂት የተሰፈረ አይደለም።

ይህ መከፋፈል የ«ኦ» ብቻ ዕጣ አይደለም። «ቴሪብል» እና «ቴሪፊክ» ሁለቱም ከላቲን የፍርሃት ቃል የወጡ ናቸው። ሁለቱም «የሚያስፈራ» ማለት ነበሩ። «ቴሪብል» መጥፎ ሆኖ ቀረ፤ «ቴሪፊክ» ደግሞ «ድንቅ» ሆነ። ለምን ይኸኛው ወደ ቀኝ፣ ያኛው ወደ ግራ ሄደ ብትለኝ ሕግ የለውም። የሰው አፍ ነው የወሰነው። «በየትኛው ሕግ» ላልከኝ መልሴ ይኸው ነው። በሒሳብ ሳይሆን በጆሮ ነው የምትይዘው።

እናቲቱ «ኦ» ራሷስ? እሷ አልተበላሸችም። ፍርሃቱንም መደነቁንም እንደያዘች አለች። በ2003 አሜሪካ ኢራቅን ስትወጋ «ሾክ ኤንድ ኦ» የሚባል ነገር ሰምተህ ይሆናል። በ1996 ሃርላን ኡልማንና ጄምስ ዌድ የጻፉት የጦር ስልት ስም ነው። ጠላትን በአንዴ በሚወርድ የእሳት ብዛት አስደንግጦ ፈቃዱን መስበር ነው ሐሳቡ። እዚያ ውስጥ «ኦ» የቫይኪንጎቹ «አጊ» ናት፣ ምንም አልተለወጠችም። በዚያው በ2003 ደግሞ ዳከር ኬልትነርና ጆናታን ሃይት የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ምሁራን ስለዚችው ስሜት ጻፉ። እነሱ ሁለት ነገር ያስፈልጋታል አሉ። አንደኛ፣ ያየኸው ነገር ካንተ እጅግ የገዘፈ መሆን አለበት፤ በቁመት ብቻ ሳይሆን በኃይል ወይም በሐሳብም ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ባለህ አእምሮ ውስጥ አልገባ ብሎ አእምሮህን እንድታሰፋው ያስገድድሃል።

ይህ ሁለተኛው ለሥራህ ይጠቅምሃል። እስቲ ቤተ ጊዮርጊስን አስበው። ከሩቅ አይታይም። ጣሪያው ከመሬት እኩል ነው። እንግዳው ሜዳ ላይ እየሄድኩ ነው ብሎ ሲያስብ ድንገት እግሩ ሥር ወደ 12 ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድና ከውስጡ የቆመ መስቀል ያያል። አእምሮው ሕንጻ ወደ ላይ ይሠራል ብሎ ነው የሚያውቀው። ይኼ ወደ ታች ነው የተሠራው። ከአንድ አለት፣ ከላይ ተጀምሮ። እዚያች ቅጽበት ላይ ሰውየው ቃል አያስፈልገውም። አንተ ደግሞ በዚያችው ቅጽበት ትልቅ ቃል ፍለጋ ገባህ! የምቆጣህ ካለ በዚህ ብቻ ነው። ስሜቱን የመሰየም ሥራ የእንግዳው ነው። ያንተ ሥራ ነገሩን ማሳየት ነው።

እስኪያዩ ጠብቅ። ትንፋሻቸው ሲመለስ ያየኸውን ተናገር። ጣሪያው ላይ አንዱ በአንዱ ውስጥ የተቀረጹትን መስቀሎች አሳይ። እንጨትና ጡብ ያነሰው ይጨመርበታል፣ አለት ግን አንዴ ከተፈለፈለ መልሶ አይለጠፍም በላቸው። የፈረሱን ኮቴ ምልክት እያሳየህ አባቶች የሚሉትን ንገር። ይህን ሁሉ በቀላል እንግሊዝኛ ማለት ይቻላል። አንድም «ኦ» አያስፈልገውም።

ከአንተ በፊት በዚህ የተቸገረ ሰው አለ። ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የሚባል የፖርቱጋል ቄስ በ1520 ከመልእክተኞች ጋር ወደ አገራችን መጥቶ ስድስት ዓመት ቆየ። ላሊበላን አየ። አብያተ ክርስቲያናቱን አንድ በአንድ እየዞረ ርዝመታቸውን፣ ዓምዳቸውን፣ መስኮታቸውን ጻፈ። መጨረሻ ላይ ግን፣ ከዚህ በላይ ብጽፍ የሚያምነኝ የለም ብዬ ስለማስብ መጻፍ ታከተኝ አለ። የጻፍኩት እውነት ለመሆኑ ደግሞ በእግዚአብሔር እምላለሁ ብሎ ጨመረ። ጽሑፉ በ1540 ሊዝበን ታተመ። እስካሁን ሰው የሚጠቅሰው ያቺን መታከቱን ነው። ይህንን ለእንግዶችህ ንገራቸው፤ አፋፉ ላይ ቆመው ሲሰሙት ይሠራል።

ቃል የግድ ካማረህ ግን አንተ የፈለግከው «ኦ-ኢንስፓየሪንግ» ነው። እሱ አልተበላሸም። ስለራስህ ስትናገር ደግሞ «አይ አም ኢን ኦ» ማለት ትችላለህ። «ኦሰም» ስሕተት የለውም፤ ግን ለቡናውም ያንኑ ስለሚሉት ለቤተ ጊዮርጊስ ቀለለብኝ። ከወጣት አሜሪካኖች ጋር ስትጫወት ተጠቀምበት። «ኦፉል»ን ለጥርስ ሕመምና ለተቆራረጠ መንገድ አስቀምጠው። «ኦፉሊ»ን ለእንግሊዝ አሮጊቶች ተውላቸው፤ በእኛ አፍ አያምርም።

አፌ ይያዛል ላልከው፣ መድኃኒቱ ያው የተሳሳትክበት ታሪክ ይመስለኛል። ሥራህ ላይ አውለው። አፋፉ ላይ ቆመህ «አንድ ጀማሪ አስጎብኚ ይህን ቦታ ኦፉል ነው ብሎ ነበር፤ ያዕቆብም እንደዚያው ብሏል» ብለህ ጀምር። ይስቃሉ። ከዚያ ጥቅሱን በአማርኛ አንብብላቸው፣ ትርጉሙን ንገራቸው። በዕድሜ የገፉት እንግሊዞች የ1611ዱን መጽሐፍ ቅዱስ ከልጅነታቸው ጀምሮ የሰሙ ብዙ ናቸው። «ድሬድፉል» የሚለውን ራሳቸው ሊጨምሩልህ ይችላሉ። ነባሩ ባልደረባህም ይህን ሲሰማ ጨዋታውን ሊሰርቅህ ይችላልና ቶሎ ጀምረው።

ለሴትየዋ ጻፍላቸው። የይቅርታ ደብዳቤ ግን አታድርገው። የሠራኸው በደል የለም፤ ይቅርታ ስታበዛ የረሱትን ታስታውሳቸዋለህ። አጭር ይሁን። በሰላም ገቡ ወይ ብለህ ጠይቅ። ቃሉን አጥንተህ ከቫይኪንጎች እስከ ያዕቆብ እንደደረስክ በሁለት አረፍተ ነገር ንገራቸው። ወዳጆቻቸው ላሊበላ የሚመጡ ከሆነ አንተ እንዳለህ ጥቀስላቸው፤ በዚህ እንግዳ በጠፋበት ዘመን ማፈር አያስፈልግም። መልስ ሲጽፉልህ እንግሊዝኛህን «ኖት ባድ» ቢሉት ደግሞ እንዳትከፋ። ቃል በቃል «መጥፎ አይደለም» ነው፤ በእሳቸው ትውልድ አፍ ግን «በጣም ጥሩ» ማለት ነው።